ሳይፈራረሙ አብረው የሚኖሩና የጤና ኢንሹራንሳቸው

አሜሪካ ውስጥ በሕግ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሌላው መሥሪያ ቤት በኩል የጤና ሽፋን ማግኘት ይችል እንደሆነ ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ «እንደ ኢንሹራንሱ ነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ፍለጋውን ወዳልሆነ አቅጣጫ ይመራዋል። ሰው የኩባንያውን ዓይነት መመርመር ይጀምራል፤ የባለአክሲዮኖች ነው፣ ደንበኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ነው፣ ወይስ ለትርፍ ያልቆመ? ይህ ልዩነት ትርፉ የት እንደሚደርስ ይናገራል። ዶሜስቲክ ፓርትነር የሚባለው የኑሮ አጋር ይሸፈን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከዚህ ይልቅ የሕክምናው ሂሳብ ከማን ካዝና እንደሚከፈል ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

አንዳንድ አሠሪዎች ለኢንሹራንስ ኩባንያ አረቦን ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ቢታመም ኪሳራው የኩባንያው ነው። ሌሎች ደግሞ ሂሳቡን ከራሳቸው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ኩባንያውን የሚቀጥሩት ወረቀቱን እንዲሠራና ከሐኪሞች ጋር እንዲዋዋልላቸው ብቻ ነው። በአሠሪያቸው በኩል ከተሸፈኑት የአሜሪካ ሠራተኞች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ በሁለተኛው ሥርዓት ውስጥ ናቸው፤ ካርዳቸው ላይ ግን ያው የታወቀው ኩባንያ ዓርማ ስላለ ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ኢሪሳ በሚባለው የ1974 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ የግል አሠሪ ከራሱ ካዝና የሚከፍልበትን ፕላን የክፍለ ግዛት የኢንሹራንስ ሕግ አይገዛውም። ካሊፎርኒያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለተመዘገበ የኑሮ አጋር ለባል ወይም ለሚስት ከሚሰጡት ያላነሰ ሽፋን እንዲያቀርቡ አስገድዳለች። ሆኖም ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ዓይነት ዓርማ ያለበት ካርድ ከያዙ ሁለት ሠራተኞች ለአንደኛው ይህ በሕግ የታሰረ ነው፤ ለሌላው የአሠሪው ፈቃድ ነው። ቴክሳስ ቢያንስ ይህን ለማወቅ ታግዛለች፦ በክፍለ ግዛቱ ሕግ ሥር ያለ ፕላን ካርዱ ላይ «ቲ.ዲ.አይ.» ወይም «ዲ.ኦ.አይ.» የሚሉ ፊደላት መታተም አለባቸው። እነዚህ ሦስት ትንንሽ ፊደላት ከትልቁ ዓርማ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

ሽፋኑ ቢፈቀድም የግብር ጉዳይ ይከተላል። ለባል ወይም ለሚስት አሠሪው የሚከፍለው ድርሻ በፌዴራል ደረጃ ግብር የለበትም። ለኑሮ አጋር የሚከፈለው ግን፣ አጋሩ በግብር ሕጉ ጥገኛ ሆኖ ካልተቆጠረ፣ እንደ ሠራተኛው ደመወዝ ይታያል። አሠሪው በወር 500 ዶላር ቢከፍል፣ በዓመት 6,000 ዶላር በገቢው ላይ ይደመራል፤ 22 በመቶ ግብር የሚከፍል ሠራተኛ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሹ ሲታከል 1,779 ዶላር ያህል ይወጣበታል። ላላየው ገንዘብ ግብር መክፈል ከባድ ነው፤ አብሮ መኖርን በግብር መቅጣት ፍትሐዊ ነው ብዬም አላምንም።

«ታዲያ ለምን አይጋቡም?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ በተለይ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ ከተፈቀደ በኋላ ሽፋኑን የሰረዙ አሠሪዎች ያቀረቡት ይህንኑ ነው። ግን መጋባት ለሁሉም እኩል ቀላል አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት 60 ዓመት ሳይሞላት ብታገባ፣ ትዳሩ እስካለ ድረስ በሟች ባሏ በኩል የምታገኘው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ይቋረጥባታል። የቀድሞ ትዳሩ በአገር ቤት ፍርድ ቤት ገና ያልፈረሰ ሰውም ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይችልም። በሌላ በኩል «በሽተኛ ሁሉ አጋር ነኝ እያለ ይመጣል» የሚሉ አሉ። አሠሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሂሳብና የተፈረመ ቃለ መሐላ ይጠይቃሉ፤ ከጋብቻ ወረቀት የበለጠ ማስረጃ ነው።

በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በመንግሥት ያልተመዘገቡ ወገኖቻችን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለባቸው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ከነሁኔታዎቹ እንደ ጋብቻ ያውቁታል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን በዚህ መንገድ ጋብቻ መመሥረት አይቻልም። ሳያረጋግጡ ቅጹ ላይ «ባለትዳር» ብሎ መሙላት አደገኛ ነው፤ ሆን ተብሎ የተሰጠ የሐሰት መረጃ ሽፋኑን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያሰርዝ፣ የተከፈለውንም ሂሳብ ሊያስመልስ ይችላል። አስቀድሞ የፕላኑን ማጠቃለያ ሰነድ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። ማን ጥገኛ ሆኖ እንደሚቆጠርና ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል እዚያ ተጽፏል፤ በኢሪሳ ሥር ያለ ፕላን አስተዳዳሪም በ30 ቀን ውስጥ ሰነዱን ካልሰጠ ፍርድ ቤት በየቀኑ መቀጮ ሊጥልበት ይችላል።