የመታሰቢያው ሐውልት በወዴት ይቁም?

ሐውልት የሚቆምለትን ሰው መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ የሚቆምበትን ስፍራ መምረጥ ግን ሌላ ብርቱ ክርክር ያስነሣል። ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዲያገኙ ለደከሙት ወይዛዝርት የሚገባው ስፍራ ወዴት እንደ ሆነ ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልንመክር ወደድን።

በለንደን ከተማ የኤምሊን ፓንክኸርስት ሐውልት በ1922 ዓ.ም. በፓርላማው አጠገብ ቆመ። በ2010 ዓ.ም. ወደ ሌላ መናፈሻ ይዛወር የሚል አሳብ ቢነሣ፥ ብዙ ሰው ተቃውሞ አስቀረው። ለልጃቸው ለሲልቪያ የታሰበው ሐውልት ግን በዚያው በፓርላማው ፊት እንዲቆም ቢጠየቅ ሳይፈቀድ ቀረ።

አገራችን ግን ለሲልቪያ ስፍራ አልነፈገችም። ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ቀን፥ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ማሳተም ጀምረው ነበርና፤ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ባረፉ ጊዜ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በአርበኞች መካከል ተቀበሩ።

ለገዛ እኅቶቻችንስ ወዴት ይሁን? በዚያው በ1928 ዓ.ም. ዋና ከተማው ሲያዝ የመንግሥቱ ሥራ በኢሉባቦር በጎሬ ቆይቶ ነበር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ወደ ጎሬ ዘልቀው፥ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋራ ተሰለፉ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ አገር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ወንድም ሴትም የመምረጥን መብት ሲሰጥ፥ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ።

ሐውልቱ ሕግ በሚወጣበት በአዲስ አበባ ይቁም የሚል ሰው ምክንያት አያጣም፤ መብቱ የተሠራበት እዚያ ነውና። እኛ ግን ለጎሬ እንፈርዳለን። ወይዘሮ ስንዱ ከምክሩ አዳራሽ አስቀድመው የገቡት ከመከራው ነው፤ በአገር መከራ የተካፈለ ደግሞ ከአገር ምክር አይለይም። ዋና ከተማው ብዙ ሐውልት አለው፤ የገጠሪቱ ልጅ ግን አታየውም።

ከኡካ ወይም ከመቱ ሴት ልጁን ይዞ ወደ ጎሬ የሚመጣ አባት፥ ልጂቱ «እኒህ ማን ናቸው?» ብላ ስትጠይቀው የሚመልስላት ታሪክ ይኖረዋል። ታሪኩን ነግሮ ግን ልጂቱን ከትምህርት ቤት ቢያስቀራት፥ ሐውልቱ በከንቱ ቆሟል።