ከሰልባጅ ሹራብ የሚወጣ የበዓል ጌጥ

ሹራብ ቶሎ የሚያረጀው ክርኑና የእጅጌው ጫፍ ላይ ነው። ደረቱና ጀርባው ለብዙ ዓመት ጠንካራ ክር ይዞ ይቆያል። ሰልባጅ ተራ በርካሽ የሚገኝ ደማቅ ሹራብ ሊለብሱት ባይመች እንኳ ከውስጡ ዘርፍ፣ ኳስና ጉንጉን ይወጣል።

ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለጫግኒ ይህ ሙያ በተለይ ይመቻል። ከተማዋ ያለችበት የአዊ ዞን የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሶቹ በደማቅ ጨርቅና ክር አጊጠው ይወጣሉ። ከገና እስከዚያ ቀን አንድ ወር አይሞላም፤ ጥምቀትም መሐል ላይ አለ። ለገና ቤት የተሠራ ቀይ ዘርፍ ከልጓም ላይ ቢንጠለጠል ያምርበታል።

ሥራው ከምርጫ ይጀምራል። ሹራቡን ገልብጠው የጎን ስፌቱን ይዩ። ሁለቱ ጠርዞች ሳይቆረጡ ተገጥመው ከተያያዙ ክሩ ሳይበጠስ ይፈታል። ጠርዙ ተቆርጦ በመኪና ከተዘመዘመ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ጎኑ ላይ ስለተቆረጠ የሚያገኙት ቁርጥራጭ ነው፤ እሱም ቢሆን ለአጫጭር ዘርፍ ይሆናል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተኮማተረ የሱፍ ሹራብን ይተዉት፤ ክሩ እርስ በርሱ ስለተያያዘ አይተረተርም።

የገዙትን በሳሙና በደንብ አጥበው ያድርቁ። ስፌቱን በጥንቃቄ ፈትተው እጅጌውን ከደረቱ ይለዩ። ብዙ ሹራብ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ መተርተር የሚቀናው ከአንገቱ በኩል ነው። የሚወጣው ክር እንደ ተጠቀለለ ጸጉር የተጨማደደ ነው። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመው ሦስት አራት ቦታ ይሰሩት፤ ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥለው ያስጡት። ሲደርቅ ይቃናል፤ ያን ጊዜ ልቃቂት ያድርጉት።

ለዘርፍ፣ መዳፍ በሚያህል ካርቶን ላይ ክሩን ወፈር እስኪል ይጠምጥሙ። አናቱን በሌላ ክር አጥብቀው ይሰሩ፣ ታችኛውን በመቀስ ይቁረጡ፣ ከአናቱ ዝቅ ብለው አንገቱን ይጠፍሩ። በየዘርፉ መሐል በሚስማር የተበሳ የለስላሳ ቆርኪ ቢያስገቡ ይንሿሿል፤ ስለታም ጠርዙን አስቀድመው በመዶሻ ይቀጥቅጡት። አክሪሊክ ክር በእሳት ይቀልጣልና ከሻማና ከከሰል ያርቁት።

ተጥሎ የሚገኝ ነገር እስከ የት እንደሚደርስ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ አሳይቷል። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቁልፍና ያገለገለ የኮምፒዩተር አካል አቀናብሮ የሠራቸው ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ለዓለም ታይተዋል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ዘርፍ ትንሽ ነው፤ መነሻው ግን አንድ ነው።

ከውጭ የሚገባ የላስቲክ ጌጥ ከአንድ በዓል በኋላ ተበጣጥሶ ቦይ ይሞላል። የክር ዘርፍ ግን ታጥቦ ለከርሞ ይቀመጣል፤ ልጆችም ሙያውን ይወርሱታል። እንግዲህ ቤትዎ ያለውን ያረጀ ሹራብ ከመጣልዎ በፊት የጎን ስፌቱን ገልብጠው ይዩት።