በወራት የሚያረጅ አንጎል፦ ኪሊፊሽና የነርቭ ግንደ ሕዋሳት

ጁባ ላይ ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ነጭ አባይ፣ የአገሩ ሰው ባሕር ኤል ጀበል የሚለው፣ በጋውንም ይፈሳል፤ በተፋሰሱ ሜዳ ላይ ዝናብ ያቆራቸው ኩሬዎች ግን ይደርቁና ጥቁሩ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ሰፊ ተፋሰስ ውስጥ ኑሯቸው በእንዲህ ያሉ ኩሬዎች ብቻ የሆነ ዓሦች አሉ። ኪሊፊሽ ይባላሉ። ከጣት የማይረዝሙ ናቸው፤ ወንዱ ደማቅ፣ ሴቷ ደብዛዛ። ከመካከላቸው ኖቶብራንኪየስ ኑባኤንሲስ የሚባለው ከሱዳንና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሳይንሱ ዓለም ተዋውቋል።

ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ በሙሉ ያልቃሉ። እንቁላሉ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። በውስጡ ያለው ጽንስ እድገቱን አቁሞ ለወራት ይተኛል፤ ዝናቡ ሲመለስ ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። የዚህ ወገን ዝነኛው አባል ኖቶብራንኪየስ ፉርዘሪ ሞዛምቢክ ውስጥ በተፈጥሮ ኩሬዎች ሲጠና በሁለት ሳምንት ገደማ ለመራባት ደርሶ ተገኝቷል። ቤተ ሙከራ ገብቶ ምግብና ንጹሕ ውኃ ባይጓደልበትም ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ እርጅናን ሙሉውን ያያል፤ ቀለሙ ይለቃል፣ ጡንቻው ይመነምናል፣ አዲስ ነገር መልመድ ያቅተዋል። አይጥ እስኪያረጅ ሁለት ዓመት መጠበቅ የሰለቻቸው የአንጎል ተመራማሪዎች ወደዚህ ዓሣ ፊታቸውን ያዞሩት ለዚህ ነው።

የሚፈልጉት ግንደ ሕዋሳቱን ነው። ግንደ ሕዋስ ራሱን እየተካ ሌሎች ሕዋሳትን የሚያስገኝ ሕዋስ ነው። አዋቂ አይጥ አንጎል ውስጥ በዋናነት ሁለት ቦታ ይገኛል፤ ፈሳሽ በሚይዙት የአንጎል ክፍተቶች ግድግዳ ላይና ለትውስታ በሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ውስጥ። ዓሦች ግን በብዙ የአንጎላቸው ክፍል ስላላቸው አንጎላቸው ሲቆስል መልሰው ይሠሩታል።

እስከመቼ? የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት የ6 ሳምንትና የ18 ሳምንት ኪሊፊሾችን ወስደው የፊተኛውን አንጎላቸውን በቀጭን መርፌ ወጉ። በወጣቶቹ ላይ ግንደ ሕዋሳቱ ወዲያው መከፋፈል ጀመሩ፤ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ተጓዙ፤ ከሳምንታት በኋላ የተወጋውን ቦታ ለይቶ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በአሮጌዎቹ ላይ ብግነቱ በረታ፣ የሚከፋፈሉት ሕዋሳት አነሱ፣ ቁስሉ ላይ ጠባሳ ጋገረ። በአዋቂ አጥቢ እንስሳት አንጎል ላይ የምናየውም ይህንኑ ጠባሳ ነው። እኔን የሚገርመኝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ወር እንኳ አለመሙላቱ ነው።

ምን ተበላሽቶ ነው? የሚቀናን መልስ «አለቁ» የሚል ነው፤ በእርግጥም ቁጥራቸው ይቀንሳል። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። በአይጥ አንጎል ውስጥ አብዛኞቹ የነርቭ ግንደ ሕዋሳት ወትሮም የተኙ ናቸው፤ ሲያስፈልግ ነቅተው ይከፋፈላሉ። እርጅና የሚያመጣው አንዱ ጣጣ እንቅልፉን ማክበድ ነው። የስታንፎርዷ አን ብሩኔ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳየችው፣ የተኛው ሕዋስ የተበላሹ ፕሮቲኖችን ላይሶሶም በሚባሉ ከረጢቶቹ ውስጥ ያከማቻል። ወጣቱ ያንን ያጸዳል፤ አሮጌው ይከመርበታል። የከረጢቶቹን ሥራ ሲያግዙለት አሮጌው ሕዋስ እንደገና መንቃት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የዚያው ቤተ ሙከራ ቡድን ያረጁት ሕዋሳት ከወጣቶቹ የበለጠ ግሉኮስ እንደሚወስዱ አየ፤ ግሉኮስ የሚያስገባውን አንዱን ፕሮቲን ጂኑን ቆርጠው ሲያስቀሩ ያረጁ አይጦች አንጎል ተጨማሪ የነርቭ ሕዋሳት አፈራ።

ሰፈሩም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ካምብሪጅ ላይ በአይጥ በተሠራ ጥናት፣ የነርቭ ሽፋን የሚሠሩ ቀዳሚ ሕዋሳት የሚኖሩበት ህብረ ሕዋስ በዕድሜ እንደሚጠነክር ታየ። አሮጌዎቹ ሕዋሳት ለስላሳ ነገር ላይ ሲቀመጡ እንደ ወጣት መሥራት ጀመሩ።

ወደ ሰው ሲመጣ ክርክሩ የጦፈ ነው። የስቶክሆልሙ ዮናስ ፍሪሴን እ.ኤ.አ. በ2013 በኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች የተበተነውን ካርቦን 14 ተከትሎ፣ በአዋቂ ሰው በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ አሰላ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌላ ቡድን በአዋቂዎች ምንም አላየሁም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የፍሪሴን ቡድን እስከ 78 ዓመት ድረስ ባሉ ሰዎች አንጎል ውስጥ የሚከፋፈሉ ቀዳሚ ሕዋሳትን አሳየ፤ መጠናቸው ግን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው፤ ሆኖም መድኃኒት ተገኘ ብሎ ለማውራት ገና ሩቅ ነን።

ኪሊፊሹ አንድ ሌላ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የብሩኔ ቡድን እንዳረጋገጠው፣ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የተፈለፈለ ዓሣ ካልተኛው ጋር እኩል ዕድሜ ይኖራል። ጽንሱ በተኛበት ጊዜ አላረጀም ማለት ነው። የጽንስ እንቅልፍ እንዲህ ሲጠብቅ የአንጎሉ ግንደ ሕዋስ እንቅልፍ ለምን ቆሻሻ እንደሚያከማች ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በአንድ ትንሽ ዓሣ ውስጥ ይገኛሉ።

በቤተ ሙከራ የሚረባው ዘር የመጣው ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ ነው፤ ጥናቱም በአብዛኛው የሚካሄደው ስታንፎርድ፣ ሉቨን፣ የና እና ኮሎኝ ላይ ነው። የነጭ አባይ ዘመዶቹ አንጎል እንዴት እንደሚያረጅ ለማየት የጁባና የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። ለማርባቱ መረብ፣ የመስታወት ገንዳና እንቁላሉ የሚቀመጥበት እርጥብ አፈር ይበቃል። አንጎሉን ለማየት ማይክሮስኮፕና የሕዋስ ማቅለሚያ ያስፈልጋል፤ ያ ገንዘብ ይጠይቃል። ኩሬዎቹ ለመንገድና ለቤት ሳይደፈኑ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው።