የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴና የሂንክሊ ውል

ስለ እንግሊዝ አገር ፖለቲካ የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎች ዓይናቸውን የሚተክሉት፣ ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከእንደራሴዎች ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ በሚሰጥበት ሰዓት፣ በአዳራሹ በሚነሣው ጩኸትና ሁካታ ላይ ነው። በዚያው ምክር ቤት የገዢውና የተቃዋሚው ፓርቲ እንደራሴዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የመንግሥትን ታላላቅ ሹማምንት ስለ ሕዝብ ገንዘብ አያያዝ በጽሙና የሚመረምሩበት ጉባኤ እንዳለ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጉባኤ የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ ይባላል። እኔ ከብሪታንያ የመንግሥት ሥርዓት ክፍሎች ሁሉ ይህን አብልጬ የምወድ፣ የሚገባውንም ክብር አላገኘም ብዬ የማምን ስለሆንሁ፣ ጠባዩንና ሥራውን ለአንባቢ ላስተዋውቅ አስቤአለሁ። ለማስረጃም የመረጥሁት፣ ፓርቲዎችን ለብዙ ዓመታት ያከራከረውንና ወጪው እየናረ የሄደውን የሂንክሊ ፖይንት የኑክሌር ኃይል ውል ነው።

የኮሚቴው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1861 የገንዘብ ሚኒስትር በነበረው በዊልያም ግላድስተን አሳቢነት ተቋቋመ፤ በ1866 በወጣው ሕግ የመንግሥትን መዝገብ የሚመረምር ዋና ኦዲተር ተሾመ፤ በ1983 በወጣው ሕግ ደግሞ ዋናው ኦዲተር የምክር ቤቱ ሹም ሆኖ ብሔራዊው የኦዲት መሥሪያ ቤት በሥሩ ተደራጀ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር በልማድ ከተቃዋሚው ወገን ይመረጣል። የሠራተኛው ፓርቲ በተቃዋሚነት በቆየበት ዘመን መንበሩን ማርጋሬት ሆጅ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሜግ ሂሊየር ይዘውት ነበር፤ በ2024 ያው ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ መንበሩ ወደ ወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴ ወደ ጄፍሪ ክሊፍተን ብራውን ተላለፈ። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር መንግሥት የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ሥልጣን በያዘ ማግሥት የሒሳብ መዝገቡ የሚመረመረው በተቀናቃኙ ሊቀ መንበርነት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል።

ይህ ኮሚቴ አንድ መርሐ መንግሥት በራሱ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው ብሎ አይፈርድም፤ ያን ለሚኒስትሮችና ለመራጩ ሕዝብ ይተወዋል። የእርሱ ጥያቄ፣ የተወሰነው ነገር በቁጠባ፣ በቅልጥፍናና ፍሬ በሚሰጥ መንገድ ተፈጽሟል ወይ የሚል ነው። ስለዚህም በፊቱ ቀርቦ የሚመሰክረው ባብዛኛው ሚኒስትሩ ሳይሆን፣ ፓርቲ ቢለዋወጥ የማይለወጠው የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ጸሐፊ ነው፤ ስለ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ በገዛ ስሙ ተጠያቂ የሆነው እርሱ ነውና። የስብሰባው በር ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። እኔም ለንደን ሳለሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳዳምጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፣ ከጠያቂዎቹ እንደራሴዎች ማን የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆነ ከአነጋገራቸው መለየት አለመቻሌ ነው።

ወደ ሂንክሊ ልመለስ። ሂንክሊ ፖይንት በእንግሊዝ ምዕራብ፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ በብሪስቶል ሰርጥ ዳርቻ የሚገኝ ስፍራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የኑክሌር ጣቢያ በዚያ ሥራ የጀመረው በ1965 ነው። አሁን የሚሠራው ሦስተኛው ጣቢያ ሁለት ማብላያዎች ያሉት፣ 3,200 ሜጋዋት ያህል እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። ለአዲስ የኑክሌር ጣቢያ በሩን በ2008 የከፈተው የሠራተኛው ፓርቲ መንግሥት ነው። በ2010 ወግ አጥባቂዎችና ሊበራል ዴሞክራቶች ተጣምረው ሥልጣን ሲይዙ፣ ኑክሌርን ለብዙ ዘመን የተቃወሙት ሊበራል ዴሞክራቶች ከሕዝብ ገንዘብ የተለየ ድጎማ አይሰጥም በሚል ቃል ነገሩን ተቀበሉ፤ በጥቅምት 2013 የዋጋው ስምምነት ሲደረግም የኢነርጂው ሚኒስትር ከእነርሱ ወገን የሆነው ኤድ ዴቪ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን የቻይናን ገንዘብ በደስታ ጋበዘ። ሐምሌ 28 ቀን 2016 የፈረንሳዩ ኩባንያ የኢዲኤፍ የቦርድ አባላት በ10 ድምፅ በ7 ላይ ሥራው እንዲጀመር ወሰኑ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ የቆየው የቴሬዛ ሜይ መንግሥት ግን በዚያው ሌሊት ነገሩን እንደገና እመረምራለሁ ብሎ አዘገየው፤ በመስከረምም አጸደቀው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲና የአረንጓዴዎች ፓርቲ እንደተቃወሙት ቀሩ።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ እንዲታገሠኝ እየለመንሁ፣ በሰው ሁሉ አፍ ስለሚዘዋወር አንድ ስሕተት ሰፋ አድርጌ መናገር ይገባኛል። የጣቢያው ወጪ በ2016 18 ቢሊዮን ፓውንድ ነው ተብሎ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ኩባንያው ራሱ፣ በ2015 የገንዘብ ዋጋ ሲሰላ፣ ከ31 እስከ 35 ቢሊዮን ሊደርስ እንደሚችል አስታወቀ። ይህ ቁጥር በተነገረ ቁጥር «የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሁሉ ገንዘብ አወጣ» የሚል ወሬ ይከተላል። ለንደን ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ አንድ የተከበሩ አዛውንት ወገናችን «ልጄ፣ እዚያ ባሕር ዳር የሚቀበረው እኮ እኛ ከደመወዛችን የምንገብረው ገንዘብ ነው» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ ግብርዎ እዚያ አልደረሰም፤ እርስዎ የሚከፍሉት ገና ወደፊት ነው፤ ያም ከግብርዎ ሳይሆን ከመብራት ሒሳብዎ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ታላቅ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጋዜጠኞችና፣ የበለጠም የሚያሳዝነው፣ ብዙ እንደራሴዎች ሳይጠይቁት አልፈዋልና።

የውሉ ዓይነት የልዩነት ውል ይባላል። ድንጋያማ መሬት አቅንቶ ጤፍ ሊዘራ ያሰበ ገበሬ ከአንድ የከተማ ሰው ጋር እንዲህ ብሎ ተዋዋለ እንበል፦ «መሬቱን በራሴ ወጪ አቀናለሁ፤ እህሉ ሲደርስ በገበያ እሸጠዋለሁ፤ የኩንታሉ ዋጋ ግን ዛሬ በመካከላችን የተቆረጠ ይሁን፤ ገበያው ከቁርጡ ቢያንስ ጉድለቱን አንተ ትሞላልኛለህ፤ ገበያው ከቁርጡ ቢበልጥ ብልጫውን እኔ እመልስልሃለሁ።» የሂንክሊ ውል በመሠረቱ ይኸው ነው። ገበሬው ኢዲኤፍና የቻይና ሸሪኩ ናቸው፤ የከተማው ሰው የብሪታንያ መብራት ተጠቃሚ ነው፤ በመካከል ገንዘቡን ከመብራት ሻጮች ሰብስቦ የሚያቀባብለው ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ የመንግሥት ኩባንያ ነው። የተቆረጠውም ዋጋ በ2012 ገንዘብ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 92 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ሆኖ፣ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ እያደገ ለ35 ዓመት ይጸናል።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። በመጀመሪያ፣ መሬቱን ማቅናት የገበሬው ዕዳ እንደሆነ ሁሉ፣ የሕንጻው ወጪ ቢንር ጉዳቱ የሚወድቀው በኩባንያው ላይ ነው። የቻይናው ሸሪክ በውል ከገባበት በላይ አልጨምርም ስላለ፣ ኢዲኤፍም በ2023 ሙሉ በሙሉ የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ስለሆነ፣ በሶመርሴት ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ቢሊዮን በመጨረሻ የሚጨነቀው የፓሪስ ግምጃ ቤት እንጂ የለንደኑ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኃይል እስኪመነጭ ድረስ የብሪታንያ ተጠቃሚ በዚህ ውል አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ሦስተኛ፣ እውነተኛው የተጠቃሚ ሸክም ያለው በሕንጻው ወጪ ውስጥ ሳይሆን በቁርጡ ዋጋ ውስጥ ነው፤ ውሉ በታሰበበት በ2013 ያ ዋጋ የገበያውን ዋጋ እጥፍ ያህል ነበርና። ስለዚህ 35 ቢሊዮኑን እየጠራ በእንግሊዝ መንግሥት ላይ የሚጮኽ ሰው የሚጮኸው በተሳሳተው ቁጥር ላይ ነው፤ ጥያቄ ሊነሣበት የሚገባው ቁጥር ግን በትንሽነቱ ተሸሽጎ ያልፈዋል።

ይህን ጥልፍልፍ ፈትቶ ለሕዝብ ያስረዳው ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ዋናው ኦዲተርና የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ ነው። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በሰኔ 2017 ባወጣው ሐተታ፣ ተጠቃሚዎች በውሉ ዘመን ለጉድለት መሙያ የሚከፍሉት ገንዘብ በ2013 6 ቢሊዮን ፓውንድ ይሆናል ተብሎ ሲገመት፣ በ2016 ግምቱ ወደ 30 ቢሊዮን ማደጉን አሳየ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በእነዚህ ዓመታት መካከል ቁርጡ ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የወደፊቱ ገበያ ግምት ነው። ገበያው ይረክሳል ተብሎ በተገመተ መጠን ጉድለቱ ሰፋ። በአንጻሩ በ2022 የጋዝ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ጣቢያው ሥራ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ብልጫውን የሚመልሰው ኩባንያው በሆነ ነበር። ውሉን በአንድ ዓመት ገበያ ብቻ የሚያወድስም የሚያወግዝም ሰው እንግዲህ ለ35 ዓመት የተጻፈውን ቃል በአንድ ክረምት ይመዝናል።

ኦዲተሩ ሌላም ነገር ገለጠ። የሕንጻውን አደጋ ሁሉ የተሸከመ ባለገንዘብ ለዚህ ዋጋ ይጠይቃል፤ ኢዲኤፍ ተስፋ ያደረገው ትርፍ 9 በመቶ ያህል ነበር። መንግሥት ከአደጋው ጥቂቱን ቢካፈል፣ ርካሽ ብድር የማግኘት ኃይል ስላለው፣ ቁርጡ ዋጋ ዝቅ ሊል ይችል ነበር፤ የኢነርጂው ሚኒስቴር ግን ይህን መንገድ በሚገባ አልመረመረም። ፓርቲዎቹ «ከሕዝብ ገንዘብ ድጎማ የለም» ብለው ቃል ስለገቡ፣ ሸክሙ ከግምጃ ቤት መዝገብ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ቤት የመብራት ደረሰኝ ገባ። የአዛውንቱ ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ይገኛል። ግብር እንደ ሰው ገቢ ይለያያል፤ ባለጠጋው ብዙ፣ ድኻው ጥቂት ይከፍላል። የመብራት ዋጋ ግን ባለጠጋና ድኻ አይለይም፤ ከገቢው የሚበልጠውን ድርሻ ለመብራትና ለማሞቂያ የሚያወጣው ድኻው ነው። ኮሚቴው በሜግ ሂሊየር ሊቀ መንበርነት በኅዳር 2017 ያወጣው ሪፖርት ይህንኑ በግልጽ ተናገረ፤ ከሁሉ የሚጎዱት ድኾች መሆናቸውን፣ ድርድሩም ሲካሄድ ስለ ተጠቃሚው ጥቅም አጥብቆ የሚከራከር የመንግሥት ክፍል እንዳልነበረ መሰከረ።

ይህ ሁሉ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የመጣ ነውና ምን ይፈይዳል የሚሉ ነቃፊዎች አሉ። እውነት ነው፤ ኮሚቴው የተፈረመን ውል የመሻር ሥልጣን የለውም። ነገር ግን መንግሥት ለእያንዳንዱ ሪፖርት በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቀጥሎ የሚዋዋለውም ሹም በዚያ ጠረጴዛ ፊት እንደሚቀርብ እያወቀ ይዋዋላል።

ቀጣዩ ውል ደግሞ መጥቷል። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በሰፎክ ዳርቻ ለሚሠራው ለሳይዝዌል ጣቢያ ተጠቃሚው ገና ሕንጻው ሲሠራ ጀምሮ በመብራት ሒሳቡ ላይ ይከፍላል፤ በሐምሌ 2025 የመጨረሻው ውሳኔ ሲሰጥም የብሪታንያ መንግሥት 44.9 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ የተገመተውም ወጪ 38 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ይህ መንገድ ብድሩን ያረክሳል፤ ነገር ግን ወጪው ቢንር ከጉዳቱ የሚካፈለው ተጠቃሚውና ግብር ከፋዩ ነው። ለሂንክሊ ሐሰት የነበረው ወሬ ለሳይዝዌል በከፊል እውነት ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ኑክሌር ወጪ የሚጽፍ ሁሉ፣ ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አደጋውን የተሸከመው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ኪስ እንደሚከፈልና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለይቶ ይጠይቅ። የኮሚቴው ሪፖርቶች ያለ ዋጋ ለማንም ይሰጣሉ፤ አጫጭሮችና ግልጾችም ናቸው። እነርሱን ሳያነቡ ቢሊዮን መቁጠር ሕዝብን ማሳሳት ነው።