ተጨማሪ መረጃ፦ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ገንዘብ ከየት ይመጣል?

የሆቴል ባለሀብቱ ኮንራድ ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1944 በስማቸው ፋውንዴሽን አቋቋሙ፤ በ2019 ያረፉት ልጃቸው ባሮንም ከሀብታቸው 97 በመቶው ለፋውንዴሽኑ እንዲሰጥ ተናዘዋል። ዋናው ገንዘብ ኢንቨስት ተደርጎ ይቆያል፤ በአሜሪካ ሕግ መሠረት በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህሉ ለበጎ አድራጎት መዋል አለበት።

ፋውንዴሽኑ ከሚደግፋቸው ሥራዎች አንዱ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ራሱ ግን ጉድጓድ አይቆፍርም። በሰሜን ሜጫ፣ በደራና በፋርጣ ወረዳዎች የንጹሕ ውሃ ሥራን የደገፈው በአጋር ድርጅቶች በኩል ነው። የውሃ ተቋም ከተሠራ በኋላ ግን ዕለታዊ ጥበቃው የተጠቃሚው ነው፤ የውሃ ኮሚቴው ከየቤቱ በሚሰበስበው መዋጮ ያለቀ የፓምፕ ጎማና የተሰበረ ቧንቧ ይቀየራል። መዋጮው ከቆመ በብዙ ገንዘብ የተሠራው ቦኖ ይደርቃል።

ተግባር፦ በየትኛውም አካባቢ የምትማሩ ተማሪዎች፣ የቀበሌያችሁን የውሃ ኮሚቴ ጠይቁ፤ መዋጮው ስንት ነው? ለምንስ ይውላል?