ፈረሰኞቹ እና ቡናማዎቹ

«ፈረሰኞቹ ዛሬ ይጫወታሉ» ሲባል በጎጃም የደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ከተማ ሽማግሌ ኮርቻና ልጓም፣ ጉግስና የጥምቀት ሜዳ ይታያቸዋል። ለአጠገባቸው ጎረምሳ ግን ፈረሰኞቹ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ተጫዋቾች ናቸው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ክለቡ የሰማዕቱን ስም ያዘ፣ ደጋፊው ደግሞ ሰማዕቱ ዘንዶውን ሲወጋ የተቀመጠበትን ፈረስ አይቶ ቅጽል አወጣለት።

ተቃራኒው ኢትዮጵያ ቡና ነው፤ ቅጽሉም «ቡናማዎቹ» ነው። ፈረሰኞቹና ቡናማዎቹ የሚገናኙበት ግጥሚያ የሸገር (የአዲስ አበባ) ደርቢ ነው። ደርቢ ማለት የአንድ ከተማ ባላንጣዎች ጨዋታ ሲሆን፣ በአገራችን የዚህን ያህል የገነነ የለም።

በዕድሜ ታላቁ ጊዮርጊስ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሰፈር አየለ አትናሽ እና ጆርጅ ዱካስ መሠረቱት። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ገባ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ብቻ ተሰለፉ፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ እና ኢትዮጵያውያንን የወከለው ጊዮርጊስ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ያኔ ጊዮርጊስን መደገፍ አገርን መደገፍ ነበር፤ ባላንጣውም የውጭ ሰው ነበር።

የአገር ልጅ ባላንጣ የመጣው ቆይቶ ነው። ቡና እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ፤ ብዙ ሰው «ቡና ገበያ» እያለ ነበር የሚጠራው። በዋንጫ ብዛት ጊዮርጊስን የሚደርስበት የለም፤ ቡና የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደርቢ ግን በመደርደሪያ ዋንጫ አይለካም። ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈ ቡድን ያችን አንዲት ቀን ካሸነፈ ደጋፊው ክረምቱን ቀና ብሎ ይሻገራል።

በአዲስ አበባ ስታዲየም የደርቢ ቀን ከሜዳው ይልቅ መቀመጫው ይታይ ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፦ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ስምና ጠባይ ነበረው። ከበሮ ይመታ ነበር፤ አንዱ ወገን ዜማ ሲያነሣ ሌላው መልስ ይሰጥ ነበር፤ ስድቡ በግጥም ነበር።

የጎጃም ገጠር ሰው ይህን ለመረዳት ስታዲየም መግባት አያስፈልገውም፤ የገናን ጨዋታ ያውቃል። በገና ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፣ ዱላው ይነሣል፣ ኳሷ ሩር ትመታለች። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በግጥም ሊወጋ ይችላል፤ ጌታውም መቆጣት አይፈቀድለትም። ከወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር ቢረታም ነገ እርሻው ላይ አብሮ ደቦ ይወጣል። ደርቢም ሲያምር እንዲሁ ነው፤ ሲከፋ ግን ድንጋይ ይወረወራል። ልዩነቱ ግጥሙ የት እንደሚያልቅ ማወቁ ላይ ነው።

ባላንጣዎች በሊግ ቢሸናነፉ ቀሪ ጨዋታ አለ። የኢትዮጵያ ዋንጫ ግን ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በፍጻሜው እኩል ከወጡ የሚለያቸው ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ግሪኮች ይህን እስከ ጥግ አይተውታል፦ እ.ኤ.አ. በ2009 በዋንጫው ፍጻሜ የፒሬዎሱ ኦሎምፒያኮስ እና የአቴንሱ ኤኢኬ 4ለ4 ተለያዩና በፍጹም ቅጣት ምት 15ለ14 ኦሎምፒያኮስ አሸነፈ። ጥሎ ማለፍ ትንሹን ክለብም ያከብራል። ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ አንሥቶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፈ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የግብፁን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ከውድድር አስወጣ።

በኋላ ደርቢው ከሸገር ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ይደረጉ ጀመር፤ ባሕር ዳርም አስተናጋጅ ሆነች፤ በዲኤስቲቪ ቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው። በዚያው የውድድር ዘመን የቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ካታንጋን ረግጦ የማያውቅ የደጋ ልጅ እነዚያን ግቦች ከሳሎን አግዳሚ ላይ ሆኖ ማየት ቻለ።

ፈረሰኛ ነህ ቡናማ? ብለው ሲጠይቁት መልስ አያጣም። በገና ሜዳ የሚጠየቀው ጥያቄ ነውና፦ ሚናህን ለይ።