ቲዎሪና አራዳ፦ ተረቱና እውነታው

አንዱ ቃል የሳይንስ ነው፣ ሌላው የገበያ። አፋችን ሁለቱንም አቅልሏቸዋል። «ተወው፣ ቲዎሪ ነው» ስንል ወሬ ነው ማለታችን ነው። የታክሲ ሰልፍ ዘሎ የገባውን ደግሞ «አራዳ!» ብለን እናሞግሰዋለን።

ተረት፦ ቲዎሪ ያልተረጋገጠ ግምት ነው።

እውነታ፦ ገና ያልተፈተነ ሐሳብ በሳይንስ መላምት ይባላል። ቲዎሪ ወይም ንድፈ ሐሳብ ብዙ ማስረጃ አያይዞ «ለምን?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ፣ ደጋግሞ ተፈትኖ ያለፈ ማብራሪያ ነው። ተላላፊ በሽታን የሚያመጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚለው ራሱ ቲዎሪ ነው፤ ሐኪሙ ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት እጁን የሚታጠበው በግምት አይደለም።

ተረት፦ ቲዎሪ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል።

እውነታ፦ ሕግነት ለቲዎሪ የሚሰጥ ሹመት አይደለም። ሕግ ምን እንደሚሆን፣ ቲዎሪ ለምን እንደሚሆን ይናገራል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው የስበት ሕግ አካላት በምን ያህል ኃይል እንደሚሳሳቡ ያሰላል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ምክንያቱን ያብራራው የአንስታይን የ1915 አጠቃላይ አንጻራዊነት ዛሬም የሚጠራው ቲዎሪ ተብሎ ነው።

ተረት፦ ቲዎሪ በተግባር አይሠራም።

እውነታ፦ ፒያሳ ቆመው በስልክ ታክሲ ሲጠሩ ሾፌሩ የሚያገኝዎ በጂፒኤስ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። በአንስታይን ቲዎሪ ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር፤ ሾፌሩም የፒያሳውን ሰው ሳሪስ ሄዶ ይፈልገው ነበር።

ተረት፦ አራዳ ማለት አጭበርባሪ ነው።

እውነታ፦ አራዳ ከሰው ጠባይ በፊት የቦታ ስም ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ይባል ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶ አለው፤ የቀድሞው ገበያ አካባቢም ፒያሳ ተባለ። ገበያው ቢሄድም ስሙ በሰፈሩና በሰዉ ላይ ቀረ። የአራዳ ልጅ ሲባል ከተማ የገባው፣ ንቁ፣ ከሰው የሚግባባ ማለት ሆነ። ተቃራኒውን ልብ ይበሉ፦ የአራዳ ተቃራኒ «ፋራ» እንጂ «ሐቀኛ» አይደለም። አራዳ የማይታለል ነው፤ የግድ የሚያታልል አይደለም።

ተረት፦ አራዳ የድሮ ቃል ነው፣ አልፎበታል።

እውነታ፦ የክፍለ ከተማ ስም ሆኖ በታፔላ ላይ ይነበባል፣ በወጣቱም አፍ አለ። እርግጥ ለብልጣ ብልጥም የሚሉት አሉ፤ የቃሉ ሙሉ ትርጉም ግን እሱ አይደለም።

እንግዲህ ያልተፈተነውን ሐሳብ መላምት፣ ሰልፍ የዘለለውንም ሰልፍ ዘላይ ይበሉት። አራዳ የሚባለው ቀድሞ ተሰልፎ በተራው የሚገባው ነው።